የልጄን ዱባ አያቷ ወጥ ሠሩት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሦስት። ጉዳዩ ከውጭ ለሚያየው ተራ ሊመስል ይችላል። ቤቴ ውስጥ ግን ሰላም ነሥቶናል።

በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ አንዱን ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ወደ እርሻ እንወጣለን። ድርቆሽ በተነጠፈበት ጋሪ ተጭነው ማሳው ውስጥ ይዞራሉ፣ የየራሳቸውን ዱባ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ቤት አምጥተን እናስጌጠዋለን። ልጄ በዓመት ውስጥ ከምናደርገው ነገር ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይሄንን ነው። ገና ነሐሴ ላይ «መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ትጀምራለች። እኔም እወደዋለሁ። የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ ስልክ የለም፣ አራታችንም አንድ ላይ ነን።

ዘንድሮ አማቴ ከደሴ መጥተው አብረውን አሉ። በጣም የምወዳቸው፣ ልጆቼን ተረት እየነገሩ የሚያስተኙልኝ ሴት ናቸው። እርሻ የሄድን ዕለት ግን «አሞኛል» ብለው ቀሩ። ልጄ አንድ ጭራዋ የተጣመመ፣ በአንድ ጎኗ ጠፍጠፍ ያለች ዱባ መረጠች። ሌላ የተሻለ እንፈልግ ብንላት እምቢ አለች። ቀለሟን አይታ «ብርቱካን» ብላ ስም አወጣችላት። ማታ በማርከር ዓይንና ጥርስ ሣለችባትና ደጃችን ላይ አስቀመጠቻት።

ከቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብርቱካን የለችም። አማቴ ልጠው፣ ከትፈው ወጥ ሠርተዋታል። የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ለራት አቀረቡልን። ልጄ ነገሩ ሲገባት የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አማቴም ደንግጠው «እግዜር የሰጠንን እህል የሰይጣን ፊት ስላችሁበት ደጃፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ? በልጆቼ እንዲህ ሲደረግ ዝም አልልም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሱም ወጥ አልሆን ብሎ ውሃ ሆነ» ብለው ተከዙ። ፍሬውን ግን አልጣሉትም። አጥበው በትሪ መስኮት ሥር አስጥተውታል።

ይኸው ሳምንት አለፈ፣ ልጄ አያቷን አታናግርም። «አያቴ ብርቱካንን ገደለቻት» ትላለች። አማቴ ምግብ ቀንሰዋል፣ «ትኬቴን ቁረጡልኝ» ማለት ጀምረዋል። ባለቤቴን ሳነጋግረው «እናቴን ምን ልበላት? ዱባ ነው እኮ!» ብሎኝ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ ደግሞ እሁድ ዕለት ልጄን ለማባበል ሌላ ዱባ ገዛሁላትና መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ደበቅሁት። «ለአያትሽ እንዳትነግሪ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠላሁት።

እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ሃሎዊን ራሱ፣ ያ በኦክቶበር 31 ማታ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት ከረሜላ የሚጠይቁበት በዓል፣ ብዙም አይመቸኝም። ልጄን ግን ከጓደኞቿ መነጠል አልፈልግም። ይህን ልማዳችንን ላቁመው? ወይስ አማቴን ላስቀይም? ምን ይሻለኛል?

በሁለቱ መሃል የቆምኩ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ለእኔ ተራ ነገር አልመሰለኝም። ልጅሽ ብርቱካንን ከስንትና ስንት ዱባ መሃል ለይታ ነው የመረጠቻት። ጭራዋ ጠማማ፣ ጎኗ ጠፍጣፋ መሆኑን እያየች፣ እናንተም ሌላ እያሳያችኋት «እሷን ነው» ብላ ጸናች። ስም ሰጠቻት። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ አድርጋ የወደደችው ነገር ራት ሆኖ ሲቀርብላት «ተገደለች» ብትል አይፈረድባትም። በእሷ ቤት የሆነው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን በአማትሽ ዓይን እዪው። አገር ቤት ዱባ ጓሮ ውስጥ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያድግ፣ ጾም ሲገባ ከሽሮ ጎን ማዕድ የሚሞላ እህል ነው። እዚህ መጥተው፣ በጽጌ ጾም መሃል፣ የልጅ ልጆቻቸው በሚተኙበት ቤት ደጃፍ ላይ ያንኑ ዱባ ጥርሱን አግጥጦ አገኙት። የጎረቤቱ ደጅ ደግሞ የሰው አጽምና የሸረሪት ድር ተሰቅሎበታል። ቋንቋውን ስለማያውቁት ማንንም መጠየቅ አይችሉም። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸውም የለም። ፈርተዋል፤ ፈርተውም የሚያውቁትን አደረጉ። የልጅን ነገር ሳይጠይቁ ማንሣታቸው ልክ ነበር አልልሽም። ክፋት ግን አላየሁበትም፣ አንቺም ያየሽበት አልመሰለኝም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እርሻ የሄዳችሁ ዕለት «አሞኛል» ብለው ቀሩ ብለሻል። እውነት አሟቸው ነበር? ወይስ የት እንደምትሄዱ፣ ለምን እንደምትሄዱ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው? ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ወይም ስልካቸው ላይ በሚላክላቸው ቪዲዮ ስለ ሃሎዊን አንድ የሚያስፈራ ነገር ሰምተው ይሆን? መልሱን አንቺም እኔም አናውቀውም። እሳቸው ያውቁታልና ሊጠየቁ ይገባል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ኮፈን ውስጥ ያለው ዱባ ይውጣ። ራስሽን አትጥዪው፤ ልጅሽ ስታለቅስ የቻልሽውን አደረግሽ። ነገር ግን ከአያት የሚደበቅ ነገር ካለ፣ በልጅ ሒሳብ አያት የሚፈራ ሰው ነው ማለት ነው። ያ ምስጢር በቆየ ቁጥር የልጅሽ ኩርፊያ እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ወይ ነገ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንዲህ በያት፦ «ይሄን ዱባ ከአያትሽ ደብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። አሁን ለአያትሽ እንነግራታለን። ዱባው የአንቺ ነው፣ አንቺ ሳትፈቅጂ ማንም አይነካውም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሺያት። ልጅሽ አሁን ከምንም በላይ የምትፈልገው እሷን ነው።

ከዚያ ስለ ብርቱካን ትንገርሽ። «ሌላ ገዝተንልሻል እኮ» አትበያት፣ «ዱባ ነው እኮ»ም አትበያት። የት እንዳገኘቻት፣ ለምን እንደመረጠቻት ጠይቂያት። ብታለቅስ ታልቅስ። ሲያልቅ ትሪው ላይ ያለውን ፍሬ አሳያት።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን ያሞቀው ያ ትሪ ነው። አማትሽ ብርቱካንን ቢከትፏትም ፍሬዋን አልጣሉም። አጥበው አስጥተውታል። ቆልተው ሊበሉት ይሆናል፣ ለዘር ሊያስቀምጡት ይሆናል፤ የዱባ ፍሬ አገር ቤት ለኮሶ ትልም መድኃኒት ስለሆነ እናቶች በቀላሉ አይጥሉትም። ለማንኛውም ቶሎ ብለሽ እዪው፣ ከተቆላ አይበቅልም። አንድ እፍኝ ፍሬ ለልጅሽ እንዲሰጧት ጠይቂያቸው። በደንብ ከደረቀ በኋላ በወረቀት ፖስታ አድርጋ፣ «ብርቱካን» ብላ ጽፋበት፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ታስቀምጠው። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከሆነ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በእናንተ አካባቢ ዱባ የሚዘራው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻና ጁን መጀመሪያ ላይ ነው። እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ለጥቅምት ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ንገሪያት፦ የእርሻ ዱባ ብዙውን ጊዜ የተዳቀለ ስለሆነ የሚወጣው ቁርጥ ብርቱካንን ላይመስል ይችላል። ልጅ በኋላ ከምትከፋ አስቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «እናቴን ምን ልበላት?» ማለቱ ይገባኛል። ከአንቺ ጋር ሲሆን ለእናቱ ይሳሳል፣ ከእናቱ ጋር ሲሆን ደግሞ ለአንቺ። ዝም ማለት የሚቀለው ለዚህ ነው። ግን ይህን ንግግር መክፈት ያለበት እሱ ነው። አንቺ ብትከፍቺው፣ የቱንም ያህል በትሕትና ብትናገሪ፣ ምራት አማቷን ከሰሰች ይሆናል። ልጅ ለእናቱ ሲናገር ግን ሌላ ነው። ወደ ሥራ ሲወጣ በር ላይ አትያዢው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ አድርገሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «እናትህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃቸዋለህ። ምን እንዳስፈራቸው ጠይቅልኝ፣ እኔም አጠገብህ እሆናለሁ።» እንዲፈርድ አትጠይቂው። ጥያቄው ከተሸከመው በላይ እንዳይሆንበት ነው።

እሱ ደግሞ ጥሩ ሰዓት ይምረጥ። ቡና የሚፈላበት፣ ልጆቹ የሌሉበት ሰዓት ይሁን። «እማዬ፣ ያን ዕለት ምን ታይቶሽ ነው? የፈራሽው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምር። ከዚያ ይስማ። መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። አማትሽ ሳምንቱን ሙሉ ጥፋተኛ ሆነው ነው የከረሙት፤ የልጅ ልጃቸው አኩርፋቸዋለች፣ የሠሩት ወጥ ሳይበላ ቀርቷል። ሰው የፈራውን እንዲናገር መጀመሪያ ከተከሳሽ ወንበር መነሣት አለበት።

የሚሉትን ብለው ከጨረሱ በኋላ የምታውቁትን ንገሯቸው። ዱባ ላይ ፊት ቀርጾ ብርሃን ማስገባት ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የመጣ ልማድ ነው። እዚያ የሚቀረጸው ተርኒፕ የሚባል ቀይ ሥር የሚያህል አትክልት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ሰዎች እዚህ ተለቅ ያለና ለመቦርቦር የሚመች ዱባ አገኙና በእሱ ተኩት። ሃሎዊን የሚለው ስምም የምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን ከምታከብረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ የመጣ ነው። ክፉ መናፍስትና አጽም የበዛበት መሆኑም እውነት ነው፣ እሱን አትካዱ። አማትሽ በገዛ ዓይናቸው እያዩት «ምንም የለበትም» ብትሏቸው የቀረውንም አያምኗችሁም።

ዱባው ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ነው። ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ ግዛት ውስጥ በአንድ ዋሻ 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የዱባ ፍሬ ተገኝቷል። ዱባ ወደ ዓለም ሁሉ የተሰራጨው ከዚህ አህጉር ነው፤ የደሴው ዱባም ዘር ማንዘሩ ከዚህ የሄደ ነው። ይህን ብትነግሯቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። በዚህ ወቅት ብዙ አሜሪካዊ ደጁ ላይ ዱባ የሚያስቀምጠው መከር ስለገባ ነው፣ እስከ ታንክስጊቪንግ፣ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ድረስ ያቆየዋል። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በግቢያቸው ሣር ላይ ደርድረው ለገቢ ማሰባሰቢያ ይሸጡታል። አካባቢያችሁ ካለ በመኪና ስታልፉ አሳዪአቸው። ከብዙ ንግግር ያ ይበልጣል።

አሁን ዱባው ላይ ወደሚሣለው ፊት እንምጣ፤ ለእኔ የክርክሩ ዋና ቦታ እሱ ነው። አማትሽን ያስደነገጣቸው ዱባው አይመስለኝም። ዓይኑና ጥርሱ ነው። ልጅሽን ጠይቂያት፦ ፊት መሆኑ ነው የሚያስደስትሽ ወይስ መሣሉ? እኔ ገምቼ ልነግርሽ አልፈልግም፣ ከአፏ ስሚው። «መሣሉ ነው» ካለችሽ መንገዱ ክፍት ነው። አሁን ያለንበት ወር እኮ ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አማትሽ በፈቃዳቸው የሚጾሙት ጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት እያሰበች እሷን በአበባ የምትመስልበት ጊዜ ነው። የአሜሪካ ዱባ የሚደርሰው በዚሁ ወር ነው። ልጅሽ በብርቱካናማ ዱባ ላይ አደይ አበባ ብትስል፣ አያቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው ቅጠሉ እንዴት እንደሆነ፣ አበባው የት የት እንደሚወጣ ቢነግሯት ማን ይከፋል? አገር ቤት ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ በወረቀት ስለው ለጎረቤት ሲያድሉ እሳቸው ስንቴ ተቀብለዋል። ልጆች ስለው ደጅ ላይ ሲያቆሙ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

«ፊት ካልሆነ አልፈልግም» ካለችሽ ደግሞ የሚያስቅ ፊት፣ የድመት ፊት፣ የአያቷ ነጠላ የለበሰ ፊት አለ። ጥርስ ያገጠጠው ይቅር። ይህን ትንሽ ነገር ለአያቷ ብላ እንድትተው መጠየቅ ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ አይደለም፤ አያቷም ለእሷ ብለው የሚተዉት ነገር እንዳለ እስካየች ድረስ።

አሁን ደስ ወደሚለው ልግባ። እርሻው ጋ እንደገና ሂዱ። በዚህ ጊዜ አማትሽን ይዛችሁ። «እንዲያዩ» ብላችሁ አትውሰዷቸው። «የወጥ ዱባ ምረጡልን» ብላችሁ ውሰዷቸው። ከእናንተ ቤት በእጁ ዱባ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ሳትሄዱ ጀርመንታውን ላይ በትለርስ ኦርቻርድ አለ፤ ወደ ቨርጂኒያ ከተሻገራችሁ ሴንተርቪል ላይ ኮክስ ፋርምስ አለ። ቅዳሜና እሁድ በልጆች ጩኸትና በሰልፍ ስለሚሞላ ለአማትሽ ሰላም ያለው የሥራ ቀን ከሰዓት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፍቱበትን ሰዓት አረጋግጡ። ጋቢያቸውን ይያዙ፣ ማሳው ላይ ነፋስ አለ።

እዚያ ስትደርሱ ስለ ወጡ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ወጡ ውሃ የሆነው በእሳቸው እጅ አይደለም። ደጅ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ እንዲቀረጽ ተብሎ የተመረጠ ነው። ሃውደን የሚባለው ዝርያና ዘመዶቹ ናቸው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ሃውደን የተባለ ገበሬ ያወጣው። ቅርፁ ያምራል፣ ጭራው ወፍራም ነው፣ ሥጋው ግን ክር የበዛበትና ውሃ ያዘለ ነው። ድስት ውስጥ ሲገባ ይሟሟል። ለወጥ የሚሆነው ትንሹ፣ ሹገር ፓምፕኪን የሚሉት ነው። ከሱፐርማርኬት ደግሞ ካቦቻ የሚባለው አረንጓዴ ልጣጭ ያለው ወይም በተርነት አለ። እኔ ካቦቻን እመርጣለሁ፣ ጠጠር ያለና ጣፋጭ ነው፣ ለአገራችን ዱባ የሚቀርበው እሱ ነው። ውሃው ካስቸገራቸውም ቆራርጠው ኦቨን ውስጥ ትንሽ ጠበስ አድርገው፣ ውሃውን ሲጨርስ ቁሌቱ ላይ ይጨምሩት። «ይህ አገር ዱባው እንኳ አይሆንም» ብለው ተስፋ የቆረጡ እናት የሚሆነውን ዱባ ራሳቸው ሲያገኙ ፊታቸው ይፈታል።

የደጁን ዱባ ስትመርጡ ልጅሽ ትምራ፣ አያቷ ይርዷት። ጥፍር ጫን ሲደረግበት ልጣጩ እምቢ የሚል ይሁን። ታቹ ላይ፣ ጭራው ሥርም ለስላሳ ቦታ እንዳይኖረው ዳብሱት። ቁጭ ሲል የማይንከባለል ይሁን። ጭራው አረንጓዴም ቡናማም ቢሆን ጠንካራ ይሁን። ግን በጭራው አታንሡት፤ ከተሰበረ በዚያ በኩል መበስበስ ይጀምራል። ከታች በሁለት እጅ ታቅፎ ነው የሚነሣው። ትንሹ ልጃችሁ የራሱን፣ በአንድ እጁ የሚይዛት ትንሽዬ ዱባ ይምረጥ። እሱም ድርሻ አለው።

ቤት ስትገቡ ዱባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት፣ እርጥብ ላይ ቀለም አይዝም። በአክሪሊክ ቀለም ብትቀቡት ጥሩ ነው። ለሦስት ዓመቱ ልጅ ተለጣፊ ወረቀት ስጡት፣ ብሩሽ ከሰጣችሁት ምንጣፉንም ይቀባዋል። ዘንድሮ ባትቀርጹት እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ያልተቆረጠ ዱባ ከዝናብና ከውርጭ ከተጠበቀ ሳምንታት ይቆያል፤ የተቀረጸው ግን ሞቅ ባለ ቀን በሳምንትም ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት ልጅሽ በዱባ ላይ ቢላ ስታይ ምን እንደሚሰማት እንጃ። ሌላ ዓመት ከቀረጻችሁ ቢላውን ትልቅ ሰው ይያዝ፣ እሷ ውስጡን በማንኪያ ትቦርቡር፣ በሻማ ፋንታ የባትሪ መብራት አስገቡ። ቀለም የተቀባውና ተቀርጾ ደጅ የዋለው ዱባ ለምግብ እንደማይሆን ለአማትሽ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እሳቸው እህል ሲጣል ማየት ይከብዳቸዋል። ለዚህ ነው ሁለት ዱባ ያስፈልጋል የምልሽ። አንዱ ለደጅ፣ አንዱ ለድስት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጅሽ ትወስን፤ አያቷም ፊት ለፊት «ይሄኛው ነው የሚከተፈው?» ብለው ይጠይቋት። እሺ ስትላቸው ነው ድስቱ የሚጣደው።

ይቅርታ የሚባለውን ነገር አልረሳሁም። አማትሽ «ይቅርታ» ላይሉ ይችላሉ። በእኛ ባህል አያት ለልጅ ልጇ ይቅርታ ስትጠይቅ ብዙ አይታይም፣ አታስጨንቋቸው። ግን ባለቤትሽ «እማዬ፣ ልጅቷ ስም አውጥታላት ነበር» ብሎ ይንገራቸው። ይህን ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ። ካወቁ በኋላ የሚያደርጉትን ተዪላቸው። ልጅሽንም «ሂጂ አያትሽን ሳሚ» ብለሽ አትግፊያት። ፍሬውን ልትቀበል ስትሄድ መንገዱን ራሷ ታገኘዋለች።

ስለ ሃሎዊን ማታ፣ ስለ ኦክቶበር 31 ልናገር። እሱ ከዱባው የተለየ ጉዳይ ነው፣ አንድ ላይ አታስሩት። በአብዛኛው ዓመት ዕለቱ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፣ ወርኃዊዋ ማርያም ናት። ለአማትሽ ቀላል ቀን አይደለም። አንቺም አይመቸኝም ብለሻል፤ ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ የምትችሉትን ድንበር ራሳችሁ አስምሩ። አንዳንድ ቤተሰብ ልጆቹን እንደ ንብ፣ እንደ አበባ አልብሶ ሰፈር ያዞራቸዋል። አማትሽ ከቤት ወደ ቤት መዞሩ ካስገረማቸው የቡሄን ሆያ ሆዬና ሙልሙሉን አስታውሷቸው። ሌላው በር ላይ ቁጭ ብሎ ለጎረቤት ልጆች ከረሜላ ያድላል። ሌላው ደግሞ የትምህርት ቤቱን ግብዣ ብቻ ይፈቅድና ማታውን ቤቱ ያሳልፋል። ሦስቱም ያስኬዳል። አስተማሪዋም ከብዙ አገር የመጡ ልጆችን የምታስተምር ናትና አጭር መልእክት ብትጽፊላት አይገርማትም። ልጅሽን ከጓደኞቿ የሚነጥላት አንድ ምሽት መቅረቷ አይደለም። ለምን እንደቀረች ሳታውቅ መቅረቷ ነው፣ ስለዚህ የወሰናችሁትን በቀላል ቋንቋ ንገሯት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አማትሽ «ዱባ ደጃፍ ላይ አይቀመጥም» ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ዱባው ወደ ልጅሽ ክፍል ወይም ወደ ጓሮ በረንዳ ይግባ። ልማዱን ግን አታቁሙ። በልጆቹ ላይ የምትወስኑት እናትና አባታቸው ናችሁ፣ አማትሽም ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል። ባለቤትሽ በአክብሮት «እማዬ፣ ይሄን እኛ ፈቅደንላታል» ካለ በቂ ነው፣ ከዚያ በኋላ መከራከር የለም።

«ትኬቴን ቁረጡልኝ» ያሉትን ደግሞ እንደ ውሳኔ አትስሚው። እኔ የምሰማው «እዚህ ቤት ቦታ አለኝ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። በቃል አትመልሺላቸው። ሥራ ስጫቸው። ለጥቅምት ማርያም የሚቀርበውን የጾም ማዕድ እሳቸው ያዘጋጁ፣ ልጅሽ ፍሬውን ትቁላ፣ ቡናው ላይ ይቅረብ።

እርሻዎቹ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜና እሁድ እጅግ ይጨናነቃሉ፣ ጥሩ ጥሩውም ዱባ ያልቃል። ባለቤትሽ ከዚያ በፊት የሚያርፍበት ቀን የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ ጠይቂው።